የሐይቅና የአምባሰል ሰማይ፦ የጠፈር ድንቆች በትረካና በስሌት

ከሐይቅና ከአምባሰል ምድር ላይ ሆኖ ሰማዩን ዓመቱን ሙሉ የሚከታተል ሰው፣ ምድርን ከከበበው ሰማይ 99 በመቶ የሚሆነውን ለማየት ይችላል። ምክንያቱ የቦታው አቀማመጥ ነው። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። በሞስኮ የሚኖር ሰው የደቡቡን ሰማይ ሰፊ ክፍል ዕድሜ ልኩን አያየውም፤ በኬፕታውን የሚኖር ደግሞ የሰሜን ኮከብን አያየውም። በወሎ ግን ሁለቱም ይታያሉ። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 11 ዲግሪ ከፍ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ከቦታው ብዙም ሳይነቃነቅ ያድራል፤ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብት ደግሞ በወቅታቸው በደቡብ በኩል 19 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላሉ።

ከፍታውም ይረዳል። የሐይቅ ውኃ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሲሆን የአምባሰል ተራሮች ከዚያ በላይ ይነሣሉ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሚሆን የኮከብ ብርሃን ሳይደበዝዝ ይደርሳል።

ይህ ሰማይ በሁለት መንገድ ሲመረመር ኖሯል። አንዱ ትረካ ነው፤ ከአድማሱ ወዲያ ምን አለ ብሎ ይጠይቃል፣ ያልተደረሰበትንም በሐሳብ ይጓዝበታል። ሁለተኛው ስሌት ነው፤ ይቆጥራል፣ ይለካል፣ የተባለውንም ይፈትናል። በዓለም ዙሪያ ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ሥነ ፈለክ የሚባሉት የእነዚህ ሁለት መንገዶች የዛሬ ስሞች ናቸው። በኢትዮጵያም ሁለቱ ረጅም ታሪክ አላቸው፤ የታሪኩም አንድ ክፍል በእነዚሁ ሁለት ወረዳዎች፣ ሐይቅ ከተማ ባለችበት በተሁለደሬና በአምባሰል፣ ያልፋል።

የሄኖክ ጉዞ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ መሪነት ታላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆነ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ወደ ሐይቅ የመጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1248 አካባቢ ሲሆን (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)፣ በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በ1280 ገደማ የተጻፈው ወንጌላቸው እስከ ዘመናችን ከደረሱት ጥንታዊ የግእዝ ብራናዎች አንዱ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ መነኮሳት በዚሁ ገዳም ተምረዋል። የኢትዮጵያ ገዳማት የመጻፍና የመገልበጥ ሥራ ለዓለም ካቆያቸው መጻሕፍት ውስጥ ስለ ሰማይ ከሁሉ በላይ የሚናገረው መጽሐፈ ሄኖክ ነው።

መጽሐፉ በመጀመሪያ የተጻፈበት የአራማይክ ቅጂ በአብዛኛው ጠፍቷል፤ የቀሩት በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት ቁርጥራጮች ብቻ ናቸው። 108ቱ ምዕራፎች ሙሉ በሙሉ የተረፉት በግእዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ይዞ የተመለሳቸው ቅጂዎች በ1773 አውሮፓ እስኪደርሱ ድረስ የምዕራቡ ዓለም ሊቃውንት ሙሉውን መጽሐፍ አያውቁትም ነበር። ሪቻርድ ሎውረንስ በእንግሊዝኛ ያሳተመውም በ1821 ነው።

የአምባሰልም ድርሻ አለበት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1434 ከመንገሣቸው በፊት፣ እንደ ሌሎቹ የነገሥታት ልጆች በአምባሰል በምትገኘው በአምባ ግሸን ተጠብቀው ቆይተዋል። በእርሳቸው ዘመን የተዘጋጀው መጽሐፈ ሚላድ ሄኖክን ደጋግሞ ይጠቅሳል፤ ምስክርነቱንም ይከራከርለታል።

መጽሐፈ ሄኖክ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ልብ ወለድ አይደለም። ሆኖም የሰው ልጅ ከምድር ተነሥቶ ሰማያትን ሲጎበኝ ከሚናገሩት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ በመሆኑ፣ ስለ ጠፈር ጉዞ የሚተርክ ታሪክ ሁሉ ሲወሳ ስሙ ይነሣል። ሄኖክ የነፋሳትን መዛግብት ያያል፤ የምድርን ዳርቻ ያልፋል፤ ከበላዩ ሰማይ፣ ከበታቹም ምድር ወደሌለበት ባዶ ስፍራ ይደርሳል። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ደግሞ የብርሃናት መጽሐፍ ይባላል። በዚህ ክፍል መልአኩ ዑራኤል ፀሐይና ጨረቃ የሚሄዱበትን ሥርዓት ለሄኖክ ያሳየዋል። ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ደጆች እየወጣች፣ በምዕራብ በስድስት ደጆች ትገባለች፤ ዓመቱም 364 ቀን ነው።

የደጆቹ ነገር ከእውነተኛ ምልከታ የተነሣ ነው። ፀሐይ በየቀኑ ከአንድ ቦታ አትወጣም፤ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከአምባሰል ጫፍ ላይ ሆኖ የምሥራቁን አድማስ ለአንድ ዓመት የተመለከተ ሰው ፀሐይ በአንድ ሸንተረር ጀምራ ወደ ሌላው ስትሻገር፣ ተመልሳም ስትመጣ ያያል። መጽሐፉ ይህን ጉዞ በስድስት ከፍሎ አስቀመጠው።

መጽሐፉ ዕለቱን በ18 ክፍል ከፍሎ፣ በረጅሙ ቀን 12ቱ ክፍል ብርሃን፣ 6ቱ ጨለማ ይሆናል ይላል። ይህ አሠራር የጥንት ባቢሎን ሊቃውንት ከተጠቀሙበት ቀመር ጋር ይመሳሰላል። በወሎ ግን ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነው፤ የሐይቅ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ገደማ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ምንም ያህል አይቀራቸውም። በሌላ በኩል የሰሜን አገሮች የማያዩት ነገር እዚህ ይታያል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 17 አካባቢ፣ በእኩለ ቀን በትክክል ከአናት በላይ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም።

የ11 ቀን ልዩነት

ከትረካው ጎን ስሌቱ አለ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የምታወጣበት ባሕረ ሐሳብ በትውፊት የእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ የድሜጥሮስ ሥራ ተደርጎ ይነገራል። ድሜጥሮስ ከ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 3ኛው መጀመሪያ የነበሩ አባት ናቸው። ሥራው አንድ ከባድ ችግር ይፈታል፦ የፀሐይ ዓመትና የጨረቃ ዓመት አይገጥሙም። አንድ የጨረቃ ወር ከ29 ቀን ተኩል ጥቂት ይበልጣል፤ 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ይሆናሉ። ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ይጎድላል።

ይህ ጉድለት በየዓመቱ እየተደመረ ሄዶ በ19ኛው ዓመት ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ። 19 የፀሐይ ዓመታትና 235 የጨረቃ ወራት በሁለት ሰዓት ገደማ ልዩነት እኩል ናቸው። ባሕረ ሐሳብ የተገነባው በዚሁ ዑደት ላይ ነው። 2018 ዓ.ም.ን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። 5,500 ሲደመርበት 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲነሣለት 12 ይቀራል፤ እርሱም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 ነው። ከመጥቅዑ ተነሥቶ የነነዌ ጾም ጥር 25 እንደሚውል፣ ከዚያም ፋሲካው ይታወቃል። ቴሌስኮፕ ባልነበረበት ዘመን ይህን ሁሉ በቃል አስልቶ የሚያወጣ ደብተራ፣ የሰማይን እንቅስቃሴ በቁጥር የያዘ የሥነ ፈለክ ሰው ነበር።

በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ያንኑ 11 ቀን ሁለቱም በየበኩላቸው ያውቁታል። የሂጅራ አቆጣጠር ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል ጉድለቱን አይሞላውም። ስለዚህ የረመዳን ጾም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ፣ በ33 ዓመት ገደማ ውስጥ ክረምትና በጋውን ሁሉ ይዞራል። በአበቅቴ ስሌት 12ን በ11 የሚያባዛው ደብተራና የአዲሷን ጨረቃ መውጣት የሚጠብቀው ሼህ የሚመለከቱት አንድ የሰማይ ሥርዓት ነው።

የሐይቅ አቀማመጥ ሌላም ነገር ይዟል። የመካ ኬንትሮስና የሐይቅ ኬንትሮስ ለመገጣጠም ከሩብ ዲግሪ ያነሰ ይቀራቸዋል። ስለዚህ ከሐይቅ ተነሥቶ ወደ መካ የሚያመራው መስመር ከእውነተኛው ሰሜን የሚርቀው አንድ ዲግሪ ባልሞላ ነው። በሐይቅ ዳርቻ በጠራ ሌሊት ወደ ሰሜን ኮከብ የዞረ ሰው ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሯል ማለት ነው።

በሰማይ ያለው የንጉሥ ቤተሰብ

የጥንት ግሪኮች በሰሜኑ ሰማይ ላይ የአንድ ንጉሥ ቤተሰብ ታሪክ ሥለዋል። ኬፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮጵያ ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜዳ ልጃቸው ናቸው። ካሲዮጵያ በውበት ስለተመካች ልጅቷ ለባሕር አውሬ ተሰጥታ በድንጋይ ላይ ታሰረች፤ ፐርሴዎስ የተባለ ጀግና አዳናት። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ነበር፤ የዛሬውን ወሰን አያመለክትም። ሆኖም ስሞቹ እስከ ዛሬ የኅብረ ከዋክብት ስሞች ናቸው፤ በአንድሮሜዳ ውስጥ ያሉት ደማቅ ከዋክብት ሚራክና አልማክ ደግሞ በዐረብኛ የጻፉ ሊቃውንት ባወጧቸው ስሞች ይጠራሉ።

ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ፋርሳዊው አብዱራህማን አስሱፊ በ964 በጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ በአንድሮሜዳ አቅጣጫ ትንሽ ደመና የመሰለ ነገር እንዳለ መዘገበ። ያ ደመና ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ 1,000 ዓመት ወሰደ።

መፍትሔው የመጣው ከአባትየው ከኬፌዎስ ነው። በ1784 እንግሊዛዊው ወጣት ጆን ጉድሪክ በኬፌዎስ ውስጥ ያለ አንድ ኮከብ በ5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ እየደመቀና እየደበዘዘ እንደሚመላለስ አየ። ተመሳሳይ ከዋክብት በዚሁ ንጉሥ ስም ሴፌይድ ተባሉ። በ1912 አሜሪካዊቷ ሄንሪዬታ ሌቪት አንድ ትልቅ ግኝት ይፋ አደረገች፦ ሴፌይድ ኮከብ የመመላለሻ ጊዜው በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀቱ ይበልጣል። ጊዜውን የቆጠረ ሰው እውነተኛ ድምቀቱን ያውቃል፤ ያንን ከሚታየው ድምቀት ጋር አስተያይቶ ርቀቱን ያሰላል። በ1923 ኤድዊን ሃብል በአንድሮሜዳ ደመና ውስጥ አንድ ሴፌይድ አገኘ። ስሌቱ ያ ደመና ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ እጅግ ርቆ የሚገኝ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን አረጋገጠ። በኢትዮጵያ ንጉሥ የተሰየሙት ከዋክብት በልጁ ስም የተጠራውን ጋላክሲ ርቀት ነገሩን፤ የሰው ልጅም ዩኒቨርስ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የተረዳው በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል እንደሆነ ይታወቃል። አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ በአንድ ዓመት የሚሸፍነው መንገድ፣ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በኅዳር ምሽት ከአምባሰል ላይ በዓይን የሚታየው የአንድሮሜዳ ጭላንጭል ጉዞውን የጀመረው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በዚያ ዘመን አካባቢ፣ ከወሎ ተራሮች በስተምሥራቅ በአፋር ጎና በተባለው ቦታ፣ የጥንት ሰው ዘሮች ድንጋይ ጠርበው መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ የጎና መሣሪያዎች ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል።

ልብ ወለድ የከፈተው መንገድ

የርቀቱ ግዝፈት ሳይንሳዊ ልብ ወለድን የወለደ ነገር ነው። ፀሐይ አንድ ብርቱካን ብታህል ምድር በ7 ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ያለች የጤፍ ቅንጣት ትሆናለች፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ያለው ቅርቡ ኮከብ ደግሞ ብርቱካኑ ሐይቅ ላይ ቢቀመጥ ካይሮ ሊደርስ ጥቂት በቀረው ስፍራ ይገኛል። ያ ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በ1977 ወደ ጠፈር የመጠቀችው ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ በዚህ ፍጥነት ያንን ያህል መንገድ ለመሄድ ወደ 75,000 ዓመት ያስፈልጋታል። ደራሲዎች ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ፣ የሕዋ አቋራጭ ቀዳዳ፣ ትውልድ እየተካ የሚጓዝበት መንኮራኩር የፈጠሩት ይህን ግንብ በሐሳብ ለመሻገር ነው።

ሐሳቡ ግን በወረቀት ላይ አልቀረም። ፈረንሳዊው ጁል ቬርን በ1865 ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጉዞ የጻፈው ልብ ወለድ ሩሲያዊውን መምህር ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪን አነሣሣው፤ እርሱም በ1903 የሮኬት ጉዞ ሒሳብ አሳተመ። በአሜሪካ ሮበርት ጎዳርድ በልጅነቱ የኤች ጂ ዌልስን የማርስ ወራሪዎች ታሪክ አንብቦ ዕድሜውን ለሮኬት ሰጠ፤ በ1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የመጀመሪያውን ሮኬት አስወነጨፈ። እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ክላርክ በ1945 ከምድር ጋር እኩል የሚዞሩ የመገናኛ ሳተላይቶች እንዴት ዓለምን እንደሚያገናኙ በጽሑፍ አሳየ፤ ዛሬ በወሎ ጣሪያዎች ላይ ያሉት የቴሌቪዥን ሳህኖች የሚያነጣጥሩት በዚያ ዓይነት ሳተላይቶች ላይ ነው። ስታር ትሬክ በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ጥቁሯ የመርከብ መኮንን ሆና የተጫወተችውን ኒሼል ኒኮልስን በልጅነቷ ያየችው ሜይ ጀሚሰን፣ በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

አንዳንዴም ሳይንሱ ልብ ወለዱን ያቃናዋል። በ2014 በወጣው ኢንተርስቴላር ፊልም ላይ የታየው ጥቁር ቀዳዳ የተሠራው በፊዚክስ ሊቁ በኪፕ ቶርን ስሌት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2019፣ በዓለም ዙሪያ የተሳሰሩ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ያነሡት የመጀመሪያው የጥቁር ቀዳዳ ምስል ይፋ ሲሆን፣ በፊልሙ ላይ እንደታየው በብርሃን ቀለበት የተከበበ ጥላ ነበር።

ኢትዮጵያም የዚህ ጥበብ መድረክ ሆናለች። በ2015 ለዕይታ የበቃው ክራምስ የተባለው ፊልም በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ተዘጋጅቶ፣ በአማርኛ ተነግሮ፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ታሪኩ ከታላቅ ጥፋት በኋላ በተረፈች ኢትዮጵያ የሚፈጸም ሲሆን፣ በሰማይ ላይ ለዓመታት ተንጠልጥሎ የኖረ መንኮራኩር ድንገት መንቀሳቀስ ሲጀምር ዋናው ገጸ ባሕርይ ጉዞ ይጀምራል። ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ከፊልም ስቱዲዮ የተሻለ ነው። በአፋር የሚገኘው የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ የአሲድ ኩሬ፣ ጨውና ድኝ የተጋገረበት መሬት፣ የሌላ ፕላኔት ገጽ ይመስላል። ሳይንቲስቶችም ወደዚያ የሚሄዱት ስለ ማርስ ለመማር ነው። በ2019 የወጡ ጥናቶች እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ አንዱ ቡድን እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ ሲል፣ ሌላው እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ውኆች ውስጥ ሕይወት እንደሌለ አስታወቀ። ጥያቄው በሌሎች ዓለማት ላይ ሕይወት የሚፈለግበትን መንገድ ስለሚወስን መልሱ ከአፋር ርቆ ይሄዳል።

እንጦጦና ቡና የተባለው ኮከብ

የዘመኑ ሥነ ፈለክ በኢትዮጵያ በተደራጀ መልክ የጀመረው በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲቋቋም ነው። ድሃ አገር ስለ ጠፈር ምን አገባት የሚል ጥያቄ በየመድረኩ ይቀርብ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች የሰጡት መልስ በሥራ ታየ። በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ድጋፍ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ፤ ጣቢያውም በ2015 ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። ለከተማ መብራት የማይጋለጥ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሌላ ቦታ ለማግኘትም በላሊበላ አካባቢ ያሉ የላስታ ተራሮች ተጠንተዋል።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ተነሣች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከእንጦጦ ትዕዛዝ እየተቀበለች የእርሻን፣ የደንንና የውኃን ሁኔታ ከላይ ለመከታተል የተሠራች ነበረች። ዝናብ በዘገየ ጊዜ ረኃብ የደረሰበትን ዘመን ለሚያስታውስ የወሎ ሰው የዚህ ዓይነት መረጃ ጥቅም ግልጽ ነው፤ የሐይቆች መሸሽ፣ የተራሮች መራቆት፣ የሰብል መድረቅ ከሰማይ ላይ አስቀድሞ ይታያል።

በዚያው ወር ሌላ ዜና መጣ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለ፣ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና፣ በ2009 የተገኘው ፕላኔቱ ደግሞ አቦል ተባሉ። አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የሚከብድ የጋዝ ፕላኔት ሲሆን ኮከቡን በ990 ቀን ገደማ ይዞራል። እስካሁን በዓይን ያየው የለም። የታወቀው ኮከቡን በስበቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚጎትተው፣ ያም በኮከቡ ብርሃን ላይ ጥቂት ለውጥ ስለሚያመጣ ነው። ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ በርቀት ማያ መነጽር ግን ይገኛል። ዛሬ የሚታየው ብርሃኑ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ነው።

ከስድስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ በኩል አለፈ። ጨረቃ ከምድር ራቅ ባለችበት ጊዜ ስለሆነ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ሳትሸፍን ዙሪያዋን የእሳት ቀለበት አስቀረች። በሐይቅና በአምባሰል ቀለበቱ አልተሟላም፤ የፀሐይ አብዛኛው ክፍል ግን ተሸፍኖ ቀጭን ማጭድ መስላ ታየች።

ድንቅነሽና ሰላም በጠፈር

በወሎ ተራሮችና በጠፈር መካከል ያለው አዲሱ ድልድይ ደግሞ ከአፋር ይጀምራል። የሚሌ ወንዝ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቀው በሱሉላ ምዕራብ ከሚገኘው ከፍታ ይነሣና በምሥራቅ ወርዶ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። በዚሁ በአዋሽ ተፋሰስ፣ በሃዳር፣ ኅዳር 24 ቀን 1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ሉሲ ተገኘች፤ ኢትዮጵያውያን ድንቅነሽ ይሏታል። በ2000 ደግሞ በዲኪካ በዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሰላም ተገኘች።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በጥቅምት 2021 ያመጠቃትን መንኮራኩር ሉሲ ብሎ ሰየማት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅሪተ አካሏ የሰውን ልጅ ጅማሬ እንደገለጠች ሁሉ፣ መንኮራኩሯ የፕላኔቶችን ጅማሬ የሚናገሩ አስትሮይዶችን ታጠናለች። ዋና መዳረሻዎቿ በጁፒተር ምሕዋር ላይ ከፊትና ከኋላው የሚጓዙት የትሮጃን አስትሮይዶች ናቸው፤ እነዚህ ዓለቶች ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ብዙም ሳይለወጡ ቆይተዋል። በመንገዷ ላይ የምታልፋት የመጀመሪያዋ አስትሮይድ ድንቅነሽ ተባለች።

ኅዳር 1 ቀን 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሉሲ ከድንቅነሽ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠግታ አለፈች። ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላው ይህች ዓለት ብቻዋን አልነበረችም፤ ትንሽ ጨረቃ ትዞራታለች። ምስሎቹ ሲመረመሩ ያቺ ጨረቃ ራሷ ሁለት ዓለቶች ተነካክተው የቆሙባት ሆና ተገኘች። በአስትሮይድ ዙሪያ እንዲህ ያለ ጥንድ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ስሟ ሰላም ተባለ። የትኛውም ልብ ወለድ ደራሲ አስቀድሞ ያልገመተው ነገር ነበር።

ከሐይቅ ምን መቼ ይታያል

ይህን ሁሉ ለመከታተል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከከተማ መብራት ራቅ ያለ ሜዳና ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ትዕግሥት ይበቃል። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ ማዕከል በደቡብ ምዕራብ ይታያል። በኅዳር ማብቂያ በዚያው ሰዓት አንድሮሜዳ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ ትቆማለች፤ ከሥሯ ካሲዮጵያ፣ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ኬፌዎስ አለ። ጋላክሲዋ በባዶ ዓይን እንደ ትንሽ የጉም ጠብታ፣ በመነጽር ደግሞ ረዘም ያለ ብርሃን ሆና ትታያለች። በጥርና በየካቲት ኦሪዮንና ሰባቱ ከዋክብት ከአናት አካባቢ ይሆናሉ፤ በደቡብ በኩል የሚያበራው ካኖፐስ በሰማዩ ላይ ከሲርየስ ቀጥሎ ሁለተኛው ደማቅ ኮከብ ነው። በግንቦት ምሽት የደቡብ መስቀል በደቡብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በስተግራው ያለው ደማቁ አልፋ ሴንታውሪ የፕሮክሲማ ታላቅ ወንድም ነው።

የሚጠበቁም ክስተቶች አሉ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሰሜን አፍሪካ፣ በመካና በየመን በኩል ያልፋል፤ ደመናው ከፈቀደ በወሎ በከፊል ይታያል። በዚያን ጊዜ ፀሐይን ለዚሁ በተሠራ መከላከያ መነጽር ካልሆነ በቀጥታ ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ይጎዳል፤ የፊልም ቁራጭ፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት ወይም ተራ ጥቁር መነጽር አይከላከልም። በቀጣዩ ወር፣ በነሐሴ፣ መንኮራኩሯ ሉሲ ዩሪባተስ ከተባለው የመጀመሪያ የትሮጃን አስትሮይዷ ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል፤ ከዚያም በ2033 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከሚጠናቀቀው ዋና ተልእኮዋ ድረስ ሌሎቹን ታጠናለች።